የሃምሳ አምስት ቀን እራት

የትንሣኤ በዓል በተቃረበ ቁጥር የብዙዎቻችን ጨዋታ ስለ በጉና ስለ ዶሮው፣ ስለ ቅቤውና ስለ እንቁላሉ ይሆናል። ዶሮ ስንት ገባ? ጠላው ተጠመቀ ወይ? ድፎው የት ይጋገራል? እየተባባለ ሰው ሁሉ ይጠያየቃል። ይህ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ብቻ የሚጎድሉትን ረጅም ጾም ጾሞ የከረመ ቤተሰብ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተሰብስቦ ቢፈስክና ቢደሰት የተገባ ነው።

ይሁን እንጂ የበዓሉ ማዕድ የአንድ ቀን ማዕድ ነው። ከእርሱ በፊት ከዘወረደ እስከ ቀዳም ሥዑር 55 ቀናት ተቆጥረዋል። በእነዚያ ቀናት ሁሉ በየቤቱ አንድ ሰው ከሥራና ከመንገድ ድካም በኋላ ወደ ጓዳ ጎራ ብሎ፣ የጣሳውንና የባልዲውን ክዳን እያነሣ፣ «ዛሬስ ለልጆቹ ምን ላቅርብ?» ሲል ራሱን ሲጠይቅ ከርሟል። ለበዓሉ ዶሮ ወጥ «እጅሽን ይባርከው» የሚል ሞልቶ ሳለ፣ ለማክሰኞ ማታ ሽሮ ግን የሚያመሰግን ብዙም አይገኝም። በዛሬው የበዓል ገጻችን ከበዓሉ ማዕድ በፊት ስለ ነበሩት ስለ እነዚያ ተራ ማታዎች ጥቂት ልንል የወደድነውም ለዚህ ነው።

ይህንኑ ጉዳይ ይዘን በኒቆዲሞስ ሳምንት፣ በዕለተ ረቡዕ፣ በአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ ወደሚኖሩ አንድ አባወራ ቤት አመራን። ስማቸውን እንዳንጽፍ አደራ ብለውናል። «እኔ የተለየ ነገር አልሠራሁም፤ የሰፈር መነጋገሪያ መሆንም አልሻም» ነበር ያሉን። እኛም አደራቸውን ጠብቀን «አባት» እያልን ልንጠራቸው መርጠናል።

ማማሰያው ከልጅ እጅ

አባት በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ባለቤታቸው ባለፈው መስከረም፣ የመስቀል በዓል እንዳለፈ፣ በሁለት ዓመት ውል ለሥራ ወደ አንድ የዐረብ አገር ሄደዋል። የሄዱትም የቤቱን የባንክ ዕዳ ለማቃለልና ሦስቱን ልጆች ሳይቸገሩ ለማስተማር ነው። የመጀመሪያዋ ልጅ 13፣ ተከታዩ ወንድሟ 9፣ የመጨረሻዋ ደግሞ 6 ዓመታቸው ነው።

እናት ከመሄዳቸው በፊት ጓዳውን ሞልተው ነበር። 15 ኪሎ ሚጥን ሽሮ በነጭ ባልዲ፣ 5 ኪሎ በርበሬ በክዳን ዕቃ፣ ምስርና ክክ በየከረጢቱ፣ የታመሰ ተልባ በጣሳ፣ ድርቆሽ በጆንያ አስቀምጠው፣ በእያንዳንዱ ላይ በወረቀት ስሙን ጽፈው ለጥፈውበታል። ወረቀቶቹን እኛም አይተናቸዋል። በሽሮው ባልዲ ላይ «በእርጥብ ማንኪያ አይነካ» የሚል ማሳሰቢያ ጭምር ሰፍሮበታል።

ጓዳው ሞልቷል፤ የጎደለው ሠሪ ነው። አባት ከሥራ የሚወጡት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ የትራንስፖርቱን ወረፋ አልፈው እቤታቸው እስኪደርሱ ብዙውን ጊዜ 1 ሰዓት ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳቦ በሻይ የቤቱ እራት ሆኖ ሰነበተ። ከዚያም ማንም ሳይነግራት የ13 ዓመቷ ልጅ ወደ ምድጃው ቀረበች። ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰች ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ወጥ ትሠራለች፤ ታናናሾቿን ታበላለች፤ ዕቃ ታጥባለች። ደብተሯን የምትገልጠው ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነበር።

«እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር» ይላሉ አባት አንገታቸውን ደፍተው። «ባለሙያ ልጅ ወጣችልኝ ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አውርቻለሁ። ማታ ገብቼ የቀረበልኝን እበላለሁ፤ አመሰግናታለሁ፤ እተኛለሁ። እናቷ በስልክ ‹ዛሬ ምን በሉ?› ስትለኝም ‹ምስር ወጥ› ብዬ እመልሳለሁ። ማን እንደ ሠራው ግን አልነግራትም።»

ነገሩ የተገለጠው በጥር ወር ነው። አባት ወደ ትምህርት ቤት ተጠሩ። ከክፍሏ 4ኛ ትወጣ የነበረችው ልጅ 19ኛ ወጥታለች። መምህሯ የነገሯቸው ነገር ግን ከደረጃው ይበልጥ ከበዳቸው፤ ልጅቷ ከሰዓት በኋላ በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል።

«እናቲቱን ለልጆቹ ትምህርት ብለን ወደ ሰው አገር ልከን፣ ልጅቷን በገዛ ቤቷ ከትምህርቷ አስወጣናት ማለት ነው። ያን ዕለት ማታ ማማሰያውን ከእጇ ተቀበልኩ። ‹አንቺ አጥኚ› አልኳት። እርሷ ግን አላመነችኝም። ‹አባዬ፣ አንተ አትችልም› አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ አልችልም ነበር።»

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይመስለንም። እናት በሥራ፣ በሕመም ወይም በሞት ከምድጃው ስትለይ፣ ማማሰያው ሳይጠየቅ የሚተላለፈው ለትልቋ ሴት ልጅ ነው። «ባለሙያ ናት» ብለን እናሞግሳታለን። ምስጋናችን ግን የደብተሯን ገጽ አይሞላላትም።

ወንድ ልጅና ማጀት

አባት ያደጉት በገጠር ነው። በልጅነታቸው ወንድ ልጅ ወደ ማጀት ብቅ ካለ «ምን ሊልስ ነው የገባው?» ተብሎ ይዘበትበት እንደ ነበር ያስታውሳሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንኩርት ሲከትፉ መስኮቱን በመጋረጃ ይሸፍኑ እንደ ነበርም አልደበቁንም።

እኛም ይህን ስንሰማ አንድ ነገር ትዝ አለን። ሴት በማይገባበት በደብረ ዳሞ ገዳም ምድጃው የሚነደው፣ ወጡም የሚሠራው በማን እጅ ነው? በወንዶች ገዳማት ሁሉ ሊጡን የሚያቦካው፣ ንፍሮውን የሚቀቅለው፣ ለእንግዳ የሚያቀርበው ወንድ መነኩሴ ነው። ይህም አገልግሎት ነው፤ ማንም አይሥቅበትም። በገዳም ክብር የሆነ ሥራ በቤት ነውር የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ጥያቄውን ለአንባቢያን ትተነዋል።

ሙያ ግን በአንድ ሌሊት አይገኝም። የአባት የመጀመሪያ ሽሮ ጓጉሎ፣ ሽንኩርቱም አርሮ ነበር። የመጨረሻዋ ልጅ አንድ ጊዜ ቀምሳ «እማዬ ትምጣ» ብላ አለቀሰች። የልጅቷን ለቅሶና የቁሌቱን ጭስ ተከትለው በራቸውን ያንኳኩት በዚያው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ናቸው። ልጆቹም አባትም «እማማ» ይሏቸዋል።

የእማማ አራቱ ትምህርቶች

እማማ ለአባት ድስቱን ቀምተው አልሠሩላቸውም። «እኔ ሠርቼልህ ብሄድ የምትበላው ዛሬን ነው፤ ተቀመጥና እይ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ያስተማሯቸውን በአራት ከፍለን እንደሚከተለው አቅርበነዋል። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። ገና ለሚጀምሩት ግን ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያው፣ የሳምንቱን ቁሌት እሑድ መጨረስ ነው። ከእራት ሥራ ሁሉ ጊዜ የሚወስደው ሽንኩርት መክተፍና ማቁላላት ነውና፣ አባት እሑድ ከቅዳሴ መልስ 3 ኪሎ ያህል ሽንኩርት ደቀቅ አድርገው ይከትፋሉ። በመጀመሪያ ዘይት ሳይጨምሩ፣ እንዳይዝ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ በመጨመር ያበስሉታል። ሲለሰልስ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያገቡበታል። ግማሹን በበርበሬ፣ ግማሹን ለአልጫ በእርድ አድርገው በየዕቃው ከፍለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖሩታል። ሰኞ ማታ በርበሬ ያለበት ቁሌት በውኃ ተበጥብጦ ሲፈላ ሽሮው ይነሰነስበታል። ማክሰኞ ያው ቁሌት ምስር ይገባበታል። ሐሙስ ቲማቲም ተጨምሮበት ለመኮሮኒ ይሆናል። የአልጫውም ቁሌት ለክክ፣ ለድንች፣ ለጥቅል ጎመን ይውላል። «አንድ ቁሌት፣ አምስት ወጥ» ይላሉ አባት በጣታቸው እየቆጠሩ።

ሁለተኛው፣ ከሚበላሸው መጀመር ነው። ሰው ጓዳ ሲገባ «ምን አማረኝ?» ብሎ ሳይሆን «ነገ የማይደርሰው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት ባይ ናቸው እማማ። ቲማቲሙ ሊፈርጥ ከሆነ ዛሬ የቲማቲም ፍትፍት ነው። ጎመኑ ከጠወለገ ዛሬ ጎመን ነው። እንጀራው ከደረቀ ፍርፍር ነው። ሽሮ፣ ክክና ምስር ግን ይጠብቃሉ። የደረቀው እህል የጓዳው ዘብ ነው፤ የሚጠራውም ሌላው ሲያልቅ ነው።

ሦስተኛው፣ ያለ እሳት የሚሠራ ምግብ ማወቅ ነው። መብራት የሚጠፋበት ማታ አለ። ጋዙም የሚያልቀው ሁልጊዜ በማይመች ሰዓት ነው። የተልባ ፍትፍት የሚያድነው በዚህ ጊዜ ነው። ታምሶ የተፈጨውና የተነፋው ተልባ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ጨውና ጥቂት ሚጥሚጣ ይገባበታል፤ እንጀራው ይፈተፈትበታል። የሱፍ ፍትፍትም እንዲሁ ነው። ሱፉ ለብ ተደርጎ፣ ተወቅጦና በውኃ ተጠልሎ ቀድሞ ከተዘጋጀ እሳት አያሻውም። ጠዋት ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድፍን ምስር ካለ ደግሞ በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በቃሪያና በቀይ ሽንኩርት ተለውሶ አዚፋ ይሆናል። የተልባ ዱቄት ብዙ ከቆየ ቅባቱ ስለሚሻግት፣ እህሉን እንዳለ አኑሮ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ማስፈጨት እንደሚሻል እማማ ያስጠነቅቃሉ።

አራተኛው፣ ያለውን ነገር ሌላ መልክ መስጠት ነው። ልጅ ሽሮ ቢሰለች አይፈረድበትም። ያው የሽምብራ ዱቄት ግን በዘይትና በቅመም ተለውሶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦና ተጠብሶ ወደ ቁሌቱ ሲገባ የሽምብራ ዓሣ ይባላል። የ9 ዓመቱ ልጅ ቅርጹን የማውጣት ሥራ የእርሱ እንዲሆን ጠይቆ ተፈቅዶለታል። ዓይንና ክንፍ ሳይቀር እንደሚያወጣለት፣ አንዳንዱም ዓሣ ከአዞ ጋር እንደሚመሳሰል እኅቱ በሣቅ አጫውታናለች።

ረቡዕ ማታ

እኛ በሄድንበት ማታ በጓዳው ያለው ይህ ነበር፦ ከትናንት የተረፈ አንድ ጭልፋ ተኩል የምስር ወጥ፣ የደረቁ ሦስት እንጀራዎች፣ ሁለት እርጥብ እንጀራ፣ ሦስት ድንች፣ አንድ ቲማቲም፣ ሁለት ቃሪያና ግማሽ ሎሚ። ተመጋቢዎቹ አራት ናቸው፤ እኛን ከቆጠሩን ደግሞ ስድስት። እኛ «በልተን ነው የመጣነው» ብንልም ሰሚ አላገኘንም።

አባት ከመዝገብ ቤት የመጡበትን ኮት በሩ ላይ ሰቀሉ። ድንቹን ልጠውና ከታትፈው ቀቀሉ። ከእሑዱ ቁሌት አንድ ጭልፋ አውጥተው ከምስሩ ጋር በሞቀ ውኃ አቀጠኑት፤ ድንቹንም አገቡበት። አንድ ጭልፋ ተኩል የነበረው ወጥ ግማሽ ድስት ሆነ። የደረቁትን እንጀራዎች ቆራርሰው በከፊሉ ፈረፈሩ። የቀረውን በእርጥቡ እንጀራ ላይ አወጡት። የ9 ዓመቱ ልጅ ቲማቲሙንና ቃሪያውን ቆራርጦ ሎሚውን ጨመቀበት። ይህ ሁሉ 35 ደቂቃ ፈጀ። የ13 ዓመቷ ልጅ በዚያ ሁሉ ጊዜ በሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ሒሳብ ትሠራ ነበር። ከመቀመጫዋ የተነሣችው ለጸሎት ነው።

አባታችን ሆይ ተባለ። አባት መጀመሪያ ለትንሿ፣ ቀጥሎ ለእኛ አጎረሱ። እርሳቸው እስከ 9 ሰዓት ጾመው የዋሉ ቢሆንም እጃቸውን ወደ ሳህኑ የሰደዱት ልጆቹ ሁሉ ከጎረሱ በኋላ መሆኑን አስተውለናል።

በመካከል ትንሿ ልጅ «እማዬ አሁን ምን ትበላለች?» ብላ ጠየቀች። ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። አባት እናቷ በምትሠራበት ቤት ሩዝ በአትክልት፣ ዳቦና ተምር እንደምትመገብ፣ እርሷም እንደ እነርሱ እየጾመች እንደሆነ ነገሯት። ልጅቷም «እንግዲያውስ ሽሮ እንላክላት» አለች። ይህች አንዲት ቃል ሁላችንንም አሥቃን፤ ዓይናችንንም አረጠበችው።

ስለ ገንቢነቱ ጥቂት

«የጾም ምግብ ልጅ ያሳድጋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ከብዙ ወላጆች ይሰማል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕፃናት ጾም የሚጀምሩት ከ7 ዓመታቸው ሲሆን፣ የታመሙ፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶችም ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው የሚያደርጉት ነው። አባት ለ6 ዓመቷ ልጃቸው ወተቷን በየዕለቱ ያቀርቡላታል። ልጅቷ ግን ወንድሟ ሲጾም እያየች መጾም እንደምትሻ በየጊዜው ታስታውቃለች።

የጾሙን ገበታ በተመለከተ አያቶቻችን በልምድ የደረሱበትን የሥነ ምግብ ዕውቀት ያረጋግጠዋል። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስን የመሳሰሉ እህሎች ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ደግሞ በዚሁ የበለጸጉ ሆነው እህሎቹ የያዙትን ሜታዮኒንን ያጣሉ። እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም። በገበታው ላይ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ሲጨመር ግን ሰውነት ብረቱን በተሻለ ሁኔታ ይወስደዋል። በአንጻሩ ከምግብ ጋር ወይም እንደ ተበላ ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና ይህንኑ ስለሚያሰናክል ጥቂት ቆየት ብሎ መጠጣቱ ይመረጣል። አዮዲን ያለበት ጨውም ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ፣ ተከድኖ ቢቀመጥ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ቢጨመር ጥቅሙ ይጠበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለን። የተዘጋጀ ሽሮ ከገበያ የሚገዛ ሰው ከምን እንደ ተፈጨ ቢጠይቅ መልካም ነው። ጓያ ድርቅን የሚቋቋምና ዋጋው የሚቀልል በመሆኑ ከሽሮ እህል ጋር ሊደባለቅ ይችላል። አልፎ አልፎ ቢቀመስ አያሠጋም። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲዘወተር ግን እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች ጎድቶ እስከ ዕድሜ ልክ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ደምቢያን በመሳሰሉ የጎንደር አካባቢዎች በችግር ዘመን የደረሰው ጉዳት ለዚህ ምስክር ነው።

የባልዲው ወለል

እራት ከተበላ በኋላ አባት ወደ ጓዳ ወስደው ነጩን ባልዲ አሳዩን። ሽሮው ወለሉን ለመሸፈን ያህል ብቻ ቀርቷል። ሁለት ኩባያ ቢሆን ነው።

ይህ ለዚያ ቤት ቀላል ነገር አልነበረም። ልጆቹ ባልዲው ሲከፈት የሚሸተውን የበሶብላና የኮረሪማ መዓዛ «የእማዬ ሽታ» ነው የሚሉት። የ13 ዓመቷ ልጅ የቀረው እንዳይነካና እናቷ እስክትመለስ እንዲቀመጥ አባቷን ለምና ነበር። አባትም እሺ ብለው ባልዲውን ከድነው ሰነበቱ። በኋላ ግን ነገሩን ለእማማ ሲያዋዩ እማማ ሌላ ምክር ሰጡ።

እማማ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈችውን የሰራፕታዋን መበለት አስታወሷቸው። ያቺ መበለት ለእርሷና ለልጇ ከቀረቻት እፍኝ ዱቄት ለነቢዩ ኤልያስ አስቀድማ ጋገረች እንጂ ሸሽጋ አላስቀመጠችውም። ዱቄቱም አላለቀም፤ ዘይቱም አልጎደለም። «ሽሮ ለመበላት ነው የተፈጨው» አሏቸው እማማ። «ሁለት ዓመት ብታስቀምጠው ነቀዝ ይበላዋል፤ ሽታውም ይጠፋል። ሚስትህ የሠራችው ልጆቿ እንዲያድጉበት ነው። ይልቅ ሌላ አዘጋጅና የእርሷን ከውስጡ ደባልቀው።»

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ቅዳሜ ሥራው ተጀመረ። ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ተገዝቶ ተለቀመ። የእህሉ ልክና የቅመሙ ዓይነት ከእናት በስልክ ተጠይቆ በደብተር ተጻፈ። ጸሐፊዋ የ13 ዓመቷ ልጅ ነበረች። እህሉ ታመሰ፤ ተከካ፤ በሰፌድ ተነፍሶ ገለባው ወጣ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ኮረሪማውና በርበሬው ተደባልቆበት ፀሐይ ሊመታው በሕንፃው ሰገነት ላይ ተሰጣ። ልጆቹም ወፍ ሲጠብቁ ዋሉ። ወፍጮ ቤት የሚሄደው ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው።

እናት በስልክ ልኩን ሲነግሩ መካከል ላይ ድንገት አቁመው «ማነው የሚሠራው?» ብለው ጠየቁ። አባት በዚያን ጊዜ ከጥር ጀምሮ ማን ሲሠራ እንደ ከረመ፣ ከጥር በፊትም ማን ይሠራ እንደ ነበር አንድ በአንድ ነገሯቸው። በወዲያኛው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልተሰማም። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ስለ ሽሮው አልነበረም። «ልጄ አሁን ትተኛለች?» የሚል ነበር።

ጸሎተ ሐሙስ

በሰሙነ ሕማማት ሐሙስ እንደገና ወደዚያው ቤት ሄድን። ሳምንቱ የሕማማት ነውና ሳንጨባበጥ ገባን። በምድጃው ላይ ጉልባን ተጥዷል። ከዋዜማው የተዘፈዘፈው የባቄላ ክክና የተፈተገ ስንዴ በጨው እየተቀቀለ ነበር። እማማ በአንድ ወገን ተቀምጠው «ጨው ጨምርበት፤ የጉልባን ጨው ጠንከር ይላል፤ የጌታን ጥም የምናስብበት ነው» ሲሉ፣ አባት እየቀመሱ ይጨምራሉ። ጉልባኑ ሲደርስ አንድ ሳህን ለእማማ፣ አንድ ሳህን ለታችኛው ፎቅ ጎረቤት ተላከ።

የበዓሉን ዶሮ ማን እንደሚሠራ ጠየቅናቸው። አባት ሣቅ አሉ። «ሽንኩርቱን እኔ እከትፋለሁ፤ አቁላላለሁም። 12ቱን ብልት ማውጣቱን ግን ለእማማ ትቻለሁ፤ እዚያ ገና አልደረስኩም» አሉን። ነጩን ባልዲ ለማየት ፈልገን ጠይቀን ነበር። የቀረችው ሽሮ በትንሽ ጣሳ ተገልብጣ፣ ባልዲው ታጥቦ ለአዲሱ ሽሮ ተደፍቶ ነበር። በጣሳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በ13 ዓመቷ ልጅ የእጅ ጽሕፈት «ለመደባለቂያ» ይላል።

የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና ገና አልተሰጠም። ስለሆነም ልጅቷ ስንተኛ እንደምትወጣ እኛም አናውቅም። መምህሯ ግን ከሰዓት በኋላ መተኛቷን እንደ ተወች ለአባቷ ነግረዋቸዋል። ለአባትም ለጊዜው የሚበቃቸው ይህ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ በእጃችሁ በሚገባበት ሰዓት በየቤታችሁ ቁሌቱ እየተንተከተከ፣ ዳቦው እየሸተተ ይሆናል። ከነገ ጀምሮ እስከ በዓለ ሃምሳ ፍጻሜ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ሽሮው ለጊዜው ወደ ኋላ ይገፋ ይሆናል፤ ወይም በቅቤ ይመጣል። ነገር ግን የበዓሉን ማዕድ ባርካችሁ ስትቀርቡ፣ በ55ቱ ማታዎች ከባዶ መሳይ ጓዳ ገበታ ሲያወጣ የከረመው ሰው ማን እንደሆነ አስቡ። እናት ትሁን፣ አባት ይሁን፣ አያት ትሁን፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእርሱ አጉርሱ። ያ ሰው በደብተሯና በድስቱ መካከል የቆመች ልጅ ከሆነች ደግሞ ከጉርሻው በኋላ ማማሰያውን ተቀበሏት።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንልን።